ሁለት ዲግሪ በአንድ ትንፋሽ

ተቀመጡ። የምናገረውም የምቆመውም እኔ ነኝ፤ እናንተ መቆም አያስፈልጋችሁም። የዲኑ ጸሐፊ ቲና «ጋሽ እንግዳ፣ ዐሥር ደቂቃ ይበቃዎታል» ብላኛለች። ስንት እንደሚበቃኝ እኔ አውቃለሁ። ምግቡ ቢቀዘቅዝም ይቀዝቅዝ። ዛሬ የምንሸኘው አስረስን ነው፤ በአስረስ ሽኝት ላይ መቸኮል ሰውየውን መስደብ ነው።

አስረስ ወደዚህ ኮሌጅ የመጣው ሰኞ ዕለት ነበር። ማለቴ፣ ይመጣል የተባለው ሰኞ ነበር። አዲስ መምህር ሲመጣ ተቀብሎ የቢሮ ቁልፍ የሚሰጠው ሬጅስትራሩ ነው፣ ሬጅስትራሩ ደግሞ ያን ጊዜም አሁንም እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ከረባቴን አስሬ በር ላይ ቆምኩ። አልመጣም። ማክሰኞም ቆምኩ፤ ከሰዓት በኋላ ከረባቱን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ረቡዕ ምሳ ካለፈ በኋላ አንድ ረጅም ሰው፣ ሻንጣውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ፣ ከላፍቶ በኩል በእግሩ ብቅ አለ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቤት ሁሉ እያየ ነው የሚመጣው። በር ላይ ሲደርስ ዘበኛውን ሰላም አለ፣ ሚስቱን ደኅና ናት ወይ አለ፣ ልጆቹን፣ ከብቶቹን ጠየቀ። ዘበኛው ከብት የለውም። ለማያውቀው ሰው ከብቶቹ ደኅና ናቸው ብሎ መለሰ፤ ሌላ ምን ይበል። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ደረሰ።

«ሰኞ ነበር የተባልከው» አልኩት።

«እየመጣሁ ነበር» አለኝ።

አውቶቡስ ተበላሸብኝ አላለም፣ ታምሜ ነው አላለም። ሰኞም እየመጣ ነበር፣ ማክሰኞም እየመጣ ነበር። ቁልፉን ስሰጠው ሻንጣውን ወደ ቀኝ አዛውሮ በግራ እጁ ተቀበለኝ። «ቀኝህን» አልኩት። ሻንጣውንና ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ ሲያዛውር እንደገና ቁልፉን በግራው ይዞ ተገኘ። እኔም ተውኩት። በሕይወቴ የተውኩት ነገር ጥቂት ነው፣ ያ አንዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክፍል ሲገባ ሰሌዳውን ከላይኛው ጥግ ጀምሮ እስከ ታችኛው ጥግ ያጠፋል። ሰሌዳው ንጹሕ ቢሆንም ያጠፋዋል። ተማሪዎቹ በዚያ ሰዓት ቁርስ በልተው ሲመለሱ አይቻለሁ። በግራ እጁ ስለሚጽፍ የኮቱ ግራ እጅጌ እስከ ክርኑ ነጭ ነው፤ ባለቤቱ ወይዘሮ ጤናዬ ስንት ኮት እንዳጠበች እሷን ጠይቁ። አሁን ራሷን እየነቀነቀች ነው፣ አያችኋት። ሻይ ካዘዘ ሻዩ እስኪበርድ ያወራል፣ ከበረደ በኋላ «ይሞቅልኝ» ይላል፣ ሲሞቅለት የጀመረውን ወሬ ይቀጥላል።

በክረምት ደግሞ ታክሲ አይገባም። ረዳቱ «ፋዘር፣ ይግቡ እንጂ፣ እንሂድ» ሲለው «ቆይ እስቲ፣ ሂዱ እናንተ» ይላል። አንድ ሐምሌ እኔ በዚያ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ወደ ለቡ መታጠፊያው ላይ ጭቃው ጎማውን ያዘው። ስንገፋ፣ ስንጮህ፣ ሹፌሩን ስንወቅስ፣ አስረስ ጃንጥላውን ይዞ ከኋላችን ደረሰ። አለፈን ብላችሁ ታስባላችሁ። ቆመና እያንዳንዳችንን በየስማችን ሰላም ማለት ጀመረ። ሁለት ያልጠየቃቸው ሰዎች ሲቀሩ ታክሲው ከጭቃው ወጣ። እኛ ተሳፍረን ስንሄድ እሱ ያልጠየቃቸውን ሁለቱን በመስኮት እየተከተለ ይጠይቅ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ከሆነ በኋላ፣ አንድ ቀን ቢሮዬ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ «እንግዳ፣ የተፋጠነ ፕሮግራም ልከፍት ነው» ያለኝ።

አልሳቅሁም። እኔ በሥራ ሰዓት አልስቅም።

ዛሬ ከውጭ የመጡ እንግዶች ስላሉ ነገሩን ላስረዳ። የሒሳብ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ይማራል። ይመረቃል፣ ይሄዳል፣ ዕድል ከቀናው ተመልሶ ለማስተርስ ሁለት ዓመት ይማራል። አስረስ ያለው ይህ ነው፦ ጎበዝ ጎበዞቹ በአራተኛው ዓመት ላይ የማስተርሱን ትምህርት ይጀምሩ፣ የመጀመሪያውንም አብረው ይጨርሱ፣ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ሁለቱንም ዲግሪ በአንድ ቀን ይቀበሉ።

እኔ ዲግሪ የለኝም። የማታውቁ ካላችሁ ዛሬ እወቁ። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠርኩ፣ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት፣ መተየቡን ሁለት ፊደል ከጎደለው ታይፕ ነው የተማርኩት። አንድም ዲግሪ የሌለው ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ሊያድሉ ነው ሲባል እልል ይላል ብላችሁ አትጠብቁ።

«ጉርሻ አደረግከው እኮ» አልኩት። «አንዱን ሳይውጡ ሌላውን?»

«ቆይ እስቲ፣ ላስረዳህ» አለ። ጠዋት ነበር። የተፋጠነውን ፕሮግራም አስረድቶኝ ሳይጨርስ የሥራ ሰዓት አለቀ።

ተቃወምኩ። ሰው አንዱን ነገር ጨርሶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ነው ሌላውን የሚጀምረው። ይህን ያኔ አልኩ፣ ዛሬም እላለሁ። ፕሮግራሙ ለሙከራ ስለተፈቀደ በየዓመቱ አካዳሚክ ኮሚሽኑ ድምፅ ይሰጥበታል፤ በየዓመቱም በአንድ ድምፅ ብልጫ ያልፋል። በየዓመቱ እኔ ቀኝ እጄን አውጥቼ እቃወማለሁ፣ አስረስ ከፊት ለፊቴ ግራ እጁን አውጥቶ ይደግፋል። «በስብሰባ ላይ እንኳ ቀኝህን አውጣ እንጂ» ስለው «ቀኝ እጄ ሒሳብ አይችልም» ይለኛል።

መቃወሜ ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። እነዚህ ልጆች በአራተኛው ዓመታቸው ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። ምግብ ቤት ሲሄዱ የመጀመሪያ ዲግሪው ሰልፍ «እናንተ የማስተርስ ናችሁ» ብሎ ያባርራቸዋል፣ የማስተርሶቹ ጠረጴዛ «እናንተ ገና ናችሁ» ይላቸዋል። በዓመቱ የእግር ኳስ ግጥሚያ ለየትኛው ቡድን እንደሚሰለፉ ጭቅጭቅ ተነሣ። አስረስ ተጠየቀ። ሁለት ቀን አሰበበትና «የመጀመሪያውን አጋማሽ ለዚህ፣ ሁለተኛውን ለዚያ ይጫወቱ» ብሎ ፈረደ። አንዱ ልጅ ከዕረፍት በፊት አንድ አገባ፣ ከዕረፍት በኋላ ዞሮ በራሱ ቡድን ላይ አንድ አገባ። ጨዋታው እኩል ለእኩል አለቀ፣ ሁለቱም ቡድኖች ልጁን ትከሻቸው ላይ ለመሸከም ተጋፉ።

ይህ ግን ከሙሉሰው ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ሙሉሰው እዚያ ጥግ የተቀመጠው ወጣት መምህር ነው። አትጎንበስ፣ ታይተሃል።

እዚህ ቤት ሁለት ልማድ ነበር። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሪል አናሊሲስ የሚባለውን ትምህርት ይወስዳል። የማስተርስ ጀማሪ ሁሉ ደግሞ ረዳት ሆኖ የአራተኛ ዓመቶቹን የሪል አናሊሲስ ፈተና ያርማል። ሁለቱም ጥሩ ልማድ ነው። ሙሉሰው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሙሉሰው የማስተርስ ጀማሪ ነው። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ የገባችሁ ትስቃላችሁ፤ በዚያ ዓመት ግን ከመላው ሒሳብ ትምህርት ክፍል ለአንድም ሰው አልገባውም ነበር።

ውጤት በተለጠፈ ማግስት ሙሉሰው ቢሮዬ መስኮት ላይ መጣ።

«ጋሽ እንግዳ፣ አቤቱታ አለኝ። ሪል አናሊሲስ ላይ ሲ ተሰጥቶኛል፣ ያንስብኛል።»

«ማነው ያረመው?»

«የትምህርት ክፍሉ ረዳት።»

«ረዳቱ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለኝ።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። «እንግዲያው መጀመሪያ ለረዳቱ አቤት በል። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«ብያለሁ፣ ጋሽ እንግዳ።»

«ታዲያ?»

«አልተቀበለኝም።»

እጁን ይዤ ወደ አስረስ ወሰድኩት። በልቤ፣ ፕሮግራሙ ዛሬ አበቃለት፣ እያልኩ ነው የምሄደው። አስረስ ነገሩን ሰማ። ሻዩን አስቀመጠ።

«ሙሉሰው፣ እውነቱን ንገረኝ። ልክ ረዳቱ ነው ወይስ ተማሪው?»

«ረዳቱ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ሳያረጋግጥ ዘሎ ነው ያለፈው።»

«ማን?»

«ተማሪው።»

«ይህን እያወቅክ አቤቱታ ለምን አቀረብክ?»

«ማቅረብ የተማሪው መብት ነው። እኔ ልከለክለው አልችልም።»

አስረስ ሳቀ። አሳሳቁን ታውቃላችሁ፤ እኔ ከቢሮው ወጥቼ ኮሪደሩን ስጨርስ ነው ሳቁ ከኋላዬ የተሰማኝ። ወረቀቱ ለሌላ መምህር እንዲታረም ተላለፈ፣ እሱም ሲ ሰጠው። ሙሉሰው እስከ ዛሬ ያንን ረዳት ይቅር አላለውም።

ነገሩን ኮሚሽኑ ፊት አቀረብኩት። «ተማሪ የገዛ ፈተናውን የሚያርምበት ቤት ሆነናል» አልኩ። ጠረጴዛውንም መታሁ። አስረስ ተራው ሲደርስ ቀስ ብሎ ተነሣ። «የእንግዳ ወቀሳ ትክክል ነው፣ ከእንግዲህ አይደገምም» አለ። ከዚያ ሁሉንም በየተራ አየና «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የራሱን ወረቀት በእጁ ይዞ ለራሱ ሲ የሚሰጥ ተማሪ ያለው ትምህርት ክፍል አለ?» ብሎ ተቀመጠ። በዚያም ዓመት በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። ከስብሰባው ስንወጣ «የአንተ ክስ ባይኖር አያልፍም ነበር፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። ሦስት ቀን አላነጋገርኩትም። ጭራሽ አላስተዋለም፤ በአራተኛው ቀን ስናወራ የመጀመሪያውን ቀን ወሬ ነው ካቆመበት የቀጠለው።

አሁን ጥቂት ስለ ሌላ ነገር ልናገር። ቲና፣ ሰዓትሽን አትመልከቺ።

ከሦስት ዓመት በፊት አቶ በንቲ የሚባሉ የለቡ ገበሬ፣ ልጃቸውን ሶሬቲን ይዘው መስኮቴ ላይ ቆሙ። ጤፍና ሽምብራ የሚያመርቱ፣ ቃላቸውን ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አስረስ እንደ ልማዱ ለአንድ ፊርማ መጥቶ ቢሮዬ ከተቀመጠ ቆይቷል።

«ልጄ ሒሳብ ልትማር ነው። መቼ ትጨርሳለች?» አሉኝ።

«አራት ዓመት» አልኩ።

«አምስት» አለ አስረስ ከኋላዬ።

«የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ነው» አልኩ።

«የእሷ አምስት ነው» አለ።

አቶ በንቲ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። «ሒሳብ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ?» አሉ።

አስረስ ወንበሩን ስቦ ወጣና ቀስ አድርጎ አስረዳቸው። አቶ በንቲ እስከ መጨረሻው ሰሙት። «እንግዲህ እኔም ልንገርህ» አሉ። «ልጄን የጠየቁ አሉ። ሽማግሌ ልከዋል። እኔ፣ ትምህርቷን ስትጨርስ፣ ብያቸዋለሁ። ወረቀቱን የያዘች ዕለት ደጄ ላይ ናቸው። ቃሌን አላጥፍም። አንተ የምትለው ትምህርት፣ በአራተኛው ዓመት የሚሰጠው ወረቀት አለ?»

«የለም። ሁለቱም በአምስተኛው ዓመት አንድ ላይ ነው የሚሰጡት።»

«ስለዚህ በአራተኛው ዓመት ሲመጡ፣ አልጨረሰችም፣ ብል አልዋሸሁም?»

«አልዋሹም።»

ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት። አጭር መልስ ሰጠቻቸው። «አምስት ይሁን» አሉኝና «መዝግባት» ብለው በጣታቸው ጠረጴዛውን መቱት። በአምስተኛው ዓመት ሽማግሎቹ የሚያነጋግሯት ሁለት ዲግሪ ያላትን ሴት ነው፤ ያኔ መልሱን የምትሰጣቸው እሷ ናት። አባትየው ይህን አልተናገሩም፣ እኔ ግን ከፊታቸው አነበብኩት።

የዚያን ዕለት አስረስን ጠየቅሁት። «አራት ዓመት ተምራ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ብትመለስስ?»

«ትንፋሽ ሊሰበስቡ ሄደው ስንቶቹ ተመለሱ?» አለኝ።

ከዚያ ስለ ራሱ ነገረኝ። የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲይዝ «ለአንድ ዓመት ገጠር አስተምርና ለማስተርሱ ትመለሳለህ» ተብሎ ነበር። ያ አንድ ዓመት በመካከሉ ዘመቻ መጣበት፣ ዝውውር መጣበት፣ ጦርነት መጣበት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ዐሥራ አንዱንም ዓመት በኩራዝ ብርሃን ሒሳቡን ሲሠራ ኖሮ፣ በመጨረሻ ተመልሶ ክፍል ሲገባ አብረውት የተማሩ ሰዎች ናቸው ያስተማሩት። አንዱ «የት ጠፍተህ ነው?» ቢለው ምን እንዳለው መገመት ትችላላችሁ።

«እየመጣሁ ነበር።»

ያን ቀን ነው የገባኝ። ይህ ሰው ቸኩሎ አያውቅም፣ ሌላውም እንዲቸኩል ፈልጎ አያውቅም። እሱ ያስወገደው በሁለቱ ዲግሪዎች መካከል ያለውን፣ ሰው የሚቀርበትን ቦታ ነው። ገብቶኛል አልኩ እንጂ ተስማምቻለሁ አላልኩም። አሁንም በሩ ሊዘጋ ይገባል ባይ ነኝ።

አስረስ፣ ፊት ለፊትህ የማመሰግንህ ነገር አለኝ። ከአንተ ጋር ስንት ዓመት ተከራክረናል። አንድ ቀን እንኳ «አንተ ዲግሪ የለህም፣ ይህ አይገባህም» አላልከኝም። ሌሎች ብለውኛል። እዚሁ ተቀምጠዋል፣ ምግባቸውን ይብሉ። አንተ ግን በየዓመቱ ቢሮዬ መጥተህ፣ ሊያሸንፍህ እንደሚችል ሰው ቆጥረኸኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ አስረዳኸኝ። እኔን የሚያህል መምህር ነበረኝ፣ እሱም እኔው ነኝ። ሁለተኛ መምህር ነበረህ ወይ ብትሉኝ፣ ነበረኝ፤ ትምህርቱን ግን አልቀበልኩትም።

ባለፈው ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ መጣ። ሁላችሁም እንደምታውቁት የፊታችን ማክሰኞ የፕሮግራሙ ድምፅ አለ። አስረስ ከወጣ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ድምፁ እኩል ይሆናል፤ ድምፅ እኩል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይወድቃል ይላል ደንቡ። ፕሮግራሙ ከወደቀ አራተኛ ዓመት ላይ ያሉት ልጆች በሐምሌ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ተሰጥቷቸው ይሰናበታሉ። ሶሬቲ አራተኛ ዓመት ናት። ከተማሪዎቹ ጋር እዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከቅድም ጀምሮ ምንም አልበላችም፣ አይቻታለሁ።

«ደንቡ፣ ተሰናባች ኃላፊ ተተኪው እስኪሾም ድምፁን የሚሰጥለት ሰው ይወክላል፣ ይላል አይደል?» አለኝ አስረስ።

«ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ተወካዩም የወካዩን ቃል ሳይለውጥ ያሰማል።»

«አንተን ወክያለሁ።»

«እኔ ተቃዋሚህ ነኝ፣ አስረስ።»

«ለዚህ ነው» አለ። «የሚደግፈኝን ሰው ብወክል እስከ ማክሰኞ ሊያሳምኑት ይችላሉ። አንተን ማን ያሳምንሃል?»

እሱ ከሄደ በኋላ ደንቡን አወጣሁ። አንድ ሰው ሁለት ወንበር ይዞ ሁለት ድምፅ መስጠት አይችልም የሚል አንቀጽ ፈለግሁ። የለም። አልጻፍኩትም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሙሉሰው፣ አንተ ስትስቅ ያምርብሃል፤ ሳቅ።

ስለዚህ ማክሰኞ የሚሆነው ይህ ነው። ቀኝ እጄን አውጥቼ በራሴ ስም እቃወማለሁ፣ ከልቤ ነው የምቃወመው። ከዚያ አወርዳታለሁ። ከዚያ በአስረስ ስም እደግፋለሁ። እንደ ሌላው ዓመት በአንድ ድምፅ ብልጫ ያልፋል። በመካከሉ ሊያግባባኝ የሚፈልግ ሰው ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው፤ ሻይ የለም። ሶሬቲ፣ ምግብሽን ብዪ። አባትሽም አልዋሹም፣ አልጨረስሽም።

አሁን ስለ ጡረታ ምክር። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሸኛችሁኝ፣ ጋቢ አለበሳችሁኝ፣ ሰኞ ጠዋት በኮንትራት ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጋቢውን አልመለስኩም። አስረስ ግን እንደ እኔ አይሁን። ቤቱ ይቀመጥ፣ ሻዩ ይበርድለት፣ ይሞቅለት። ወይዘሮ ጤናዬ፣ ምሳ በስድስት ሰዓት ነው ካልሽው በስምንት ይደርሳል፣ ከሳሎን ወደ ምግብ ጠረጴዛው ነው የምልሽ። ኮቱን ከእንግዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ብታጥቢው ይበቃል። የልጅ ልጆቻችሁን ቁጠሩ፣ ቁጥር እስኪጠፋባችሁ ድረስ እድሜ ይስጣችሁ። ደጃችሁን የሚያንኳኳ ተማሪ አይጥፋ። መንገድም ስትሄድ፣ አስረስ፣ ጭቃ የያዘው ታክሲ ሁሉ አንተ እስክትደርስ ይጠብቅህ።

አሁን ብርጭቋችሁን ያዙና ተነሡ። ቲና፣ ጨረስኩ፣ አንቺም ተነሺ።

ሽማግሌ ሰው ብርጭቆ በግራ እጁ አያነሣም። ይህን ለአስረስ የዛሬ ስንት ዓመት በር ላይ ነግሬዋለሁ፤ ሐሳቤን አልለወጥኩም። የዛሬው ግን የእኔ እጅ አይደለም፤ በውክልና የተሰጠኝ ነው፣ ማክሰኞም የሚወጣው ይኸው ነው። ሁላችሁም በግራ አንሡ።

ለአስረስ። ገና እየመጣ ነው።